ከሃሎዊኑ ምሽት በኋላ ልጄ ብቻዋን አልተኛም አለች

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ወንዱ 12 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 5። የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ወደ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሄድን። የሃሎዊን ዝግጅት አለ፣ ልጆች ከረሜላ ይሰበስባሉ ተብዬ ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄን የቢራቢሮ ክንፍ አለበስኳት። ቀኑን በጣም ደስ ብሎን ዋልን፣ እማማ እንኳን ሲስቁ ነበር። ልክ ሲመሽ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። ጭስ ተለቀቀ፣ ፊታቸው የተቆራረጠ የሚመስሉ ሰዎች ከጭሱ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ፣ አንዱ የሞተር መጋዝ እያስጮኸ መጣብን። ልጄ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። እማማ «በስመ አብ» እያሉ ነጠላቸውን አለበሷትና ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ልጄ ለሮለር ኮስተር ተሰልፎ ነበር፣ ሊደርሰው ሲል ጎትተን አወጣነው። መኪና ውስጥ አያቱን በእንግሊዝኛ «ሁሉንም ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» አላቸው። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ገብቷቸዋል። ባለቤቴ ደግሞ ቤት እስክንደርስ «አንቺ ካልሄድን ብለሽ ነው፣ እኔ መጀመሪያም አልወደድኩትም» ሲለኝ ነበር።

ይኸው እስከ ዛሬ ልጄ ብቻዋን አትተኛም፣ ሽንት ቤት እንኳን ሰው አብሯት ካልገባ አትሄድም። እማማ «ጸበል ትወሰድ» ይላሉ፣ ባለቤቴ «ያልፍላታል» ይላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ኦርላንዶ የዲዝኒ ሃሎዊን ፓርቲ እንወስዳችኋለን ብለን ለልጆቹ ቃል ገብተናል። ልጄን ጎድቻት ይሆን? ጸበል ነው ሐኪም? ቃላችንንስ እንጠፍ?

የሁለት ልጆች እናት


መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት አንድ ነገር ፈልጌ ነው፣ ልጅሽ ራሷ ያለችውን። አላገኘሁትም። ባልሽ ያለው አለ፣ እማማ ያሉት አለ፣ ትልቁ ልጅሽ መኪና ውስጥ የተናገረው አለ። ትንሿ ግን ደብዳቤው ውስጥ ጮኸች እንጂ አልተናገረችም። ምን እንዳየች ቁጭ ብሎ የጠየቃት ሰው አለ? ልወቅስሽ አይደለም። ሁላችንም ልጅ ሲደነግጥ «ምንም አይደለም፣ አለቀ፣ እርሺው» ነው የምንለው፣ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። ግን መልሴ በሙሉ ከዚህ ነው የሚነሳውና መጀመሪያ ይህን ያዢልኝ።

አሁን ቀጥታ ወደ ጥያቄሽ። ልጅሽን አልጎዳሻትም። ልጅሽ ደንግጣለች። የአምስት ዓመት ልጅ የውሸቱንና የእውነቱን ድንበር ገና እየተማረች ነው፣ ጭምብልና የተቀባ ፊት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ካሉት ትልልቅ ፍርሃቶች አንዱ ነው። አንቺ ያየሽው የፓርክ ሠራተኛ ነው፣ ፈረቃው ሲያልቅ ፊቱን ታጥቦ አውቶቡስ ይዞ ቤቱ የሚሄድ ወጣት። እሷ ያየችው አውሬ ነው። በዚህ ዕድሜ ቅዠት የተለመደ ነው፣ አንድ እንዲህ ያለ ምሽት ደግሞ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ያጋጠማችሁ ነገር የብዙ ሰው ስህተት እንደሆነም ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመዝናኛ ፓርኮች በጥቅምት ወር በአንድ በር ሁለት ዓይነት ዝግጅት ያስተናግዳሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ የልጆች ነው፣ ዱባ፣ ከረሜላ፣ ጭፈራ። ከመሸ በኋላ የጎረምሳና የአዋቂ ይሆናል። ጭስ የሚለቁ ማሽኖች ይነሳሉ፣ አስፈሪ ተዋናዮች መንገዱን ይይዛሉ። ይሄ ዛሬ የመጣ ነገርም አይደለም። ካሊፎርኒያ ቡዌና ፓርክ ያለው ኖትስ ቤሪ ፋርም ይህን ዓይነት የማታ ዝግጅት የጀመረው በ1973 ነው፣ ሌሎቹ ፓርኮች ከዚያ በኋላ ነው የተከተሉት። ተዋናዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎብኚ እንዳይነኩ ታዘዋል፣ ግን ማን እንደፈራ ይለያሉ፣ የፈራውን ሰው ደግሞ ይጠጋሉ፣ ሥራቸው ነዋ። ልጅሽ ስትጮህ ሰውዬው ለምን አልራቀም ብለሽ ተናደሽ ይሆናል። ጭስ ውስጥ፣ ጨለማ ላይ፣ መጋዙ እየጮኸ፣ ጩኸት የሰማ ሰው የአምስት ዓመት ልጅ ናት ብሎ ላያይ ይችላል። አላስተባብልለትም፣ ሆን ብሎ ነው ብለሽ ቂም እንዳትይዢበት ብቻ ነው። አንቺም ቲኬቱን ስትቆርጪ ከረሜላውን አየሽ፣ ሰዓቱን አላየሽም። ጥፋትሽ ይሄ ነው፣ ከዚህ አይበልጥም።

እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን አለቀቃትም? እኔ የማስበውን ልንገርሽ።

እኛም እኮ እየፈራን ነው ያደግነው። አያ ጅቦን ሳይፈራ ያደገ ልጅ አለ? እኔ ጅብ መጣ ተብዬ ያልተኛሁበትን ሌሊት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ግን ያ ፍርሃት እንዴት ነበር የሚመጣው? አያታችን እግር ስር ቁጭ ብለን፣ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን፣ እሳቱ እየሞቀን። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንመልሰው እኛው ነን፣ በሩን ራሳችን ከፍተን ነበር የምንገባው። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባልና በሩ ይዘጋል። ጅቡ ተረቱ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል፣ እኛ ዳቦአችንን በልተን እንተኛለን። ልጅሽን ያገኛት ጅብ ግን በር አልነበረውም። መቼ እንደጀመረ አላወቀችም፣ የጀመረው ከረሜላ ስትለቅም ነው። አለቀ ብሎ የነገራትም የለም። ከጭሱ እንደወጣች መኪና ውስጥ ገባች፣ መኪናው ውስጥ ደግሞ አባቷ ይጮሃል፣ እናቷ ታለቅሳለች፣ ወንድሟ አያቷን ይሳደባል። ለእሷ ያ ማታ እስካሁን አላለቀም። ለዚህ ነው ሽንት ቤት ብቻዋን የማትገባው።

ስለዚህ በሩን እናንተ ዝጉላት። እንዴት መሰለሽ፣ አንድ ቀን፣ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ቡና ሲፈላ ይሁን፣ እማማ አጠገብ አስቀምጫትና ያን ቀን እንደ ተረት ጀምሪላት። «ተረት ተረት» በያት። ከጠዋቱ ጀምሪ፣ ክንፏን ከለበሰችበት፣ መኪና ውስጥ ከበላችው ሙዝ፣ ካገኘችው ከረሜላ። ጭሱ ጋ ስትደርሺ አትቸኩዪ፣ «ከዚያ ምን መጣ?» ብለሽ ለእሷ ተይላት። የምትለውን አታርሚባት። ሰውዬው ቤት ያክላል ካለች ያክላል። ዝም ካለች ወረቀትና ከለር ስጫት፣ ትሳለው። ከዚያ አብረሽ ቀጥዪ፣ እማማ በነጠላ እንደሸፈኗት፣ መኪናው እንደተነሳ፣ ቤት እንደደረሳችሁ፣ በሩ እንደተቆለፈ፣ ሰውዬው እዚያው ፓርኩ ውስጥ እንደቀረና ቤታችሁን እንደማያውቀው። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ» ብለሽ ዳቦ አጉርሻት። እናንተ ትልልቆቹ በዚያ ማታ እንደተጣላችሁም አትደብቂያት። «እኔና አባዬ የጮህነው ደንግጠን ነው፣ በአንቺ ተናደን አይደለም» በያት። ልጆች የወላጅ ጠብ በእነሱ ምክንያት የመጣ ይመስላቸዋል፣ ይህቺ ልጅ ስለጮኸች ሁሉም ሰው እንደተጣላ ብታስብ አይገርመኝም። አንዴ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ደግማ ካስነገረችሽ ንገሪያት፣ አሥር ጊዜም ቢሆን። እየደጋገሙ መስማት ልጅ ፍርሃትን የሚያሸንፍበት መንገድ ነው፣ ስትሰለቸው ራሷ ትተወዋለች።

ሁለተኛው ነገር የአባቷ ሥራ ነው። የፊት ቀለም ግዙ፣ ሃሎዊን ካለፈ በኋላ በርካሽ ነው የሚሸጠው። ባልሽ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ልጅሽ እሱን ትቀባው። ጥርስ ትሣልለት፣ ጠባሳ ትሥራለት፣ እየሠራች ፊቱ ሲለወጥ በዓይኗ ትይ። ከዚያ ውሃና ሳሙና ይዛ ራሷ ታጥበው፣ አባቷም ከቀለሙ ስር ብቅ ይበልላት። «ሰውዬው የውሸት ነው» ብለሽ መቶ ጊዜ ከምትነግሪያት አንዴ በእጇ ብትሠራው ይሻላል። አደራ ግን፣ ቀለሙን ተቀብቶ ድንገት ዘሎ እንዳያስደነግጣት። ለጨዋታም ቢሆን። እሷ ካልፈለገች ደግሞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት፣ መግፋት የለም።

በዚያ ማታ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለም ለዘመድ እንዳትልኩት። እየጮኸች የሚያሳየውን በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ አይቶ የሚስቅ አጎት አይጠፋም፣ እሷ ደግሞ ትሰማለች። አጥፉት።

እንቅልፏን በተመለከተ፣ አልጋሽ ላይ አስተኝተሻት ከሆነ አልፈርድብሽም፣ ግን እየቆየ ሲሄድ መመለሱ ይከብዳል። አንቺ ወደ እሷ ክፍል ሂጂ። መጀመሪያ አልጋዋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፈሽ ተኚ፣ ትንሽ ሲሻላት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂያት፣ ቀጥሎ በሩ ጋ፣ ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ። ደብዘዝ ያለ መብራት ይኑራት። «ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት፣ እፍረት ፍርሃትን አያባርርም፣ ይደብቀዋል እንጂ። እና አንድ ነገር ለእማማ ለምኚልኝ። ያን ማታ ያለበሷትን ነጠላ ለጥቂት ሳምንት ለልጅቷ ያውሷት፣ ይዛው ትተኛ። ያ ጨርቅ ከጭሱ ያወጣት ጨርቅ ነው።

አሁን ጸበል ነው ሐኪም ላልሽኝ። ሁለቱን አታጣዪአቸው። እማማ ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጸበል ቢያስጠምቋት፣ ካህን መስቀል ቢያሳርፉባት፣ እሳቸውም ይጽናናሉ፣ ልጅቷም እሳቸው ሲረጋጉ ትረጋጋለች። እኔ አልቃወምም፣ በደስታ ሂዱ። ግን አንድ መስመር አለ፣ እሱን ማንም እንዳያልፍ። ልጅቷ ጆሮ ላይ «ሰይጣን ገብቶባት ነው» «ለክፏት ነው» የሚል ቃል አይነገር። አውሬው ውጪ ነው ብላ የፈራችውን ልጅ ውስጥሽ ነው ያለው ካልናት፣ ከእሱ የምትሸሽበት ቦታ አሳጣናት ማለት ነው። ይህን ለእማማ ማስረዳት ያለበት ልጃቸው ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ከምራት ሲሰሙት ሌላ ይመስላቸዋል። በአክብሮት፣ ብቻቸውን፣ «እማዬ፣ ጸበሉን እንውሰዳት፣ ግን በረከት ነው እንበላት» ይበላቸው። ይገባቸዋል። ሴትዮዋ ልጅ አሳድገዋል።

ሐኪሟ ጋ ደግሞ አሁኑኑ ስልክ መደወል ምንም አይጎዳም። የልጆች ሐኪሞች ይህን ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ ነው የሚሰሙት። ፍርሃቱ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ፣ ወይም አልበላም ካለች፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረች ግን ስልክ አይበቃም፣ ውሰጃት። ሐኪሟ ልጆችን የሚያነጋግር ባለሙያ ጋ ሊልካት ይችላል፣ ይህን ሰምተሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ፣ ልጅሽ ታመመች ማለት አይደለም። ሦስት ሳምንት ሆኗል ብለሻል፣ እንግዲህ አንዷን ሳምንት በደንብ ተጠቀሚባት።

ወንድሟን የረሳሁት እንዳይመስልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ለእሱም አዘንኩለት። የ12 ዓመት ልጅ ስንት ጊዜ ጠብቆ፣ ተሰልፎ፣ ሊደርሰው ሲል ተጎትቶ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እሱ አላሰበም። ንዴቱ ልክ ነው። የተናገረው ግን ልክ አይደለም፣ ሁለቱን ለይታችሁ ንገሩት። መጀመሪያ አባቱ «ተራህን እንዳጣህ አውቃለሁ፣ አዝናለሁ» ይበለው። ቀጥሎ ያን ማታ ትክክለኛውን ነገር ያደረገው ማን እንደነበር ይጠይቀው። አባቱ ተናደደ፣ አንቺ ደነገጥሽ፣ እሱ ሰልፍ ላይ ነበር። ልጅቷን ሸፍነው ያቀፏት እማማ ብቻ ናቸው። አገሩን የማያውቁት፣ ቋንቋውን በደንብ የማይሰሙት፣ ጭሱም መጋዙም ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የሌለ አሮጊት፣ ራሳቸው እየፈሩ የልጅ ልጃቸውን ከለሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ሄዶ ጉልበታቸው ጋ ዝቅ ብሎ «ይቅርታ እማማ» ይበላቸው፣ በአማርኛ። ሁለት ቃል ነው። አማርኛው ቢሰባበርም ምንም አይደል።

እሱንና አያቱን የሚያገናኝ ሌላ ነገርም አለ። እኔ አሜሪካ በመጣሁበት ዓመት፣ ኦክቶበር 31 ማታ፣ በር ተንኳኳ። ብቻዬን ነበርኩ። በቀዳዳው ሳይ አጥንት የተሣለበት ልብስ የለበሰ ልጅ ቆሟል። መብራቱን አጥፍቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ልቤ ይመታል። እንደገና ተንኳኳ፣ እንደገና። በማግስቱ ጎረቤቴ ስታስረዳኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን መሰለሽ፣ ሆያ ሆዬ። ነሐሴ ላይ ጅራፍ የሚያስጮሁ፣ ዱላ ይዘው ከበር በር እየጨፈሩ ሙልሙል የሚቀበሉ ልጆች። እንቁጣጣሽ ላይ ደግሞ አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶቹ። በዓሉ ሌላ ነው፣ ትርጉሙም ሌላ ነው፣ አላምታታውም። የልጆቹ ደስታ ግን ያው ነው፣ ተሰብስቦ የሰው በር ማንኳኳትና እጅ ሙሉ ይዞ መመለስ። ልጅሽ አያቱን ስለ ቡሄ ይጠይቃቸው፣ ወንድሞቻቸው ምን ይሉ እንደነበር፣ ማን ቤት ሙልሙል እንደማይሰጥ፣ ያልሰጠውን ሰው ምን ብለው እንደሚሰድቡት። ያን ጊዜ እማማ ለልጁ የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ፣ እሱም አያቱ ልጅ እንደነበሩ ያውቃል።

ለባልሽ ደግሞ ይህን አስነብቢው። ወንድሜ፣ መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ፣ በሩ ላይ ቆመህ የገባኸውም አንተ ነህ። ካልወደድከው ጠዋት መናገር ትችል ነበር። ከልጅህ ጩኸት በኋላ «ነግሬሽ ነበር» ማለት ለማንም አልጠቀመም፣ ሚስትህ ደግሞ ያንን ቃል ከራሷ ወቀሳ ጋር ደርባ ይዛው እየዞረች ነው። አንሳላት።

ወደ ኦርላንዶ እንምጣ። ቃላችሁን አትጠፉ፣ ግን አሁን ቲኬት አትቁረጡ። ሰፊ ጊዜ አላችሁ። ልጅቷ ከዳነች በኋላ ራሷን ጠይቋት፣ መልሷ እምቢ ከሆነ ተቀበሏት። መሄዱ ከተወሰነ ደግሞ የምታውቂው ነገር ይኑር፣ ምክንያቱም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወቅት ሁለት በጣም የተለያዩ ዝግጅቶች አሉ፣ ተመሳሳይ መስሎት የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

እናንተ ቃል የገባችሁት ማጂክ ኪንግደም በተባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ የሚካሄደው የሚኪ ፓርቲ ነው። ስሙ ራሱ ብዙም አያስፈራም የሚል ነው። በ1995 በአንድ ሌሊት ጀምሮ ዛሬ ከኦገስት አጋማሽ ገደማ እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ በተመረጡ ቀኖች ይካሄዳል። ልጆች ከረሜላ ይሰበስባሉ፣ ፓሬድ አለ፣ ርችት አለ፣ መጋዝ ይዞ የሚያሳድድ ሰው የለም። ሌላው ዩኒቨርሳል በተባለው ሌላ ፓርክ የሚካሄደው የሃሎዊን ሆረር ናይትስ ነው። ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ ለማስፈራራት ተብሎ የተሠራ ዝግጅት ነው፣ ፓርኩ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም ይላል። እዚያ ልብስ ቀይሮ ወይም ጭምብል አድርጎ መግባትም ክልክል ነው። ትልቁ ልጅሽ በሚቀጥለው ዓመት 13 ይሞላዋልና ጓደኞቹ ስለዚህኛው ነግረውት «እሱ ይሻላል» ሊል ይችላል። ከፈለገ አባቱ ብቻውን ይዞት ይሂድ፣ እህቱ ሆቴል ትቅር። ለሁላችሁ ግን አይሆንም።

የዲዝኒው ፓርቲ የራሱ ቲኬት አለው፣ የቀኑ ቲኬት ለማታው አያገለግልም። ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ወደ ሃሎዊን በተጠጋ ቁጥርም ይወደዳል። አምስት ሰው ስታባዢው፣ አውሮፕላንና ሆቴል ስትጨምሪ፣ ከባድ ገንዘብ ነው፣ ተበድሮ የሚኬድበት ነገር አይደለም። ፓርቲው የሚጀምረው በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 7 ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል፣ ግን የፓርቲ ቲኬት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው በአሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሮ መግባት ይችላል። ለእናንተ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በብርሃን ግቡ፣ ልጅቷ ቦታውን በብርሃን ትወቀው፣ ሲመሽ ዓይኗ እያየ ይምሽ። ከሰዓት በኋላ አስተኟት፣ እኩለ ሌሊት ድረስ የስድስት ዓመት ልጅ አይችልም፣ እናንተም አትሞክሩት። ፓሬዱ ሊጀምር ሲል ራስ የሌለው ፈረሰኛ በፈረስ እየጋለበ ያልፋል። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን ለእሷ ብዙ ሊሆን ይችላል። ከቤት ሳትወጡ ቪዲዮውን በቀን አሳያት፣ ካልወደደችው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ሁኑ። ርችቱም ድምፁ ከባድ ነው፣ የልጅ ጆሮ መከለያ ያዙ።

ስለ ልብስ ላንሳ፣ ልጅሽ መጠየቁ አይቀርም። በዚያ ፓርቲ አዋቂም ልብስ መቀየር ይፈቀድለታል፣ ጭምብል ግን 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው አይፈቀድም። መሬት የሚጎተት ልብስ አይገባም፣ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል መጫወቻም እንደዚያው። እማማ በሐበሻ ቀሚሳቸውና በነጠላቸው ይምጡ። ብዙ መራመድ ስላለው ዊልቸር በኪራይ እንደሚገኝም ንገሪያቸው፣ እምቢ ይላሉ፣ አንቺ ግን ተከራዪ።

ከሁሉም በላይ ግን በሩ ላይ ሳትደርሱ አንድ ነገር ተስማሙ። ልጅቷ «በቃ» ካለች በቃ ነው። አንድ አዋቂ ወዲያው ይዟት ይወጣል፣ ማን እንደሚወጣ ደግሞ ቀድሞ ይታወቅ። ሌላው ከወንድሟ ጋር ይቀራል። ያን ማታ ያጣችሁት ይህን ነው። አንዲት ልጅ ስትፈራ አምስታችሁም ተጎትታችሁ ወጣችሁ፣ ስለዚህ የእሷ ፍርሃት የሁሉንም ደስታ የሚያስቀር ነገር ሆነ፣ ወንድሟም አያቱም ባልሽም አንቺም አንዳችሁ ሌላውን ከሰሳችሁ። የምትወጣበት በር እንዳለ የምታውቅ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አትወጣም።

ሃይማኖቱ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ብዙ አባቶች ሃሎዊንን እንደማይወዱት ታውቂያለሽ፣ ሌላው ቤተሰብ ደግሞ የከረሜላ ቀን ብቻ አድርጎ ያየዋል። ታሪኩም የተደባለቀ ነው፣ ከአሮጌው የኬልቶች በዓልም፣ ኖቬምበር 1 ከሚከበረው የምዕራባውያን የቅዱሳን ቀን ዋዜማም የመጣ ነው፣ ወደ አሜሪካ በሰፊው የገባው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ስደተኞች ጋር ነው። አንድ ነገር ግን ለእማማ ሲባል አስቢበት። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ነው፣ ማርያም። እማማ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፣ ዝም ብለዋችሁ ይሆናል። ፓርቲው በሌሎች ብዙ ቀኖች ስለሚኖር መስከረም ላይ ሂዱ፣ ዋጋውም ይረክሳል። ጥቅምት 21 ልጆቹን ይዘሽ ከእማማ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተሳለሚ። ገንዘቡ ካልደረሰ ወይም ልጅቷ ካልፈለገች ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በጥቅምት ዱባ የሚያስለቅሙ እርሻዎች ሞልተዋል። በቀን፣ በፀሐይ፣ በትራክተር ጋሪ ላይ። እማማ ዱባውን ሲያዩ ወጥ ሊሠሩበት ማሰባቸው አይቀርም።

የቢራቢሮውን ክንፍ ግን እንዳትጥዪው፣ ቁም ሳጥን ውስጥም አትቆልፊው። እጇ የሚደርስበት ቦታ ስቀዪው። ካልነካችው ዝም በያት። ለብሳው ሳሎን ከመጣች ደግሞ ምንም ሳትዪ አጨብጭቢላት።